ሃያ ሦስት ኪሎ

«ሃያ ሦስት ኪሎ» ይላል ትኬቴ፤
ይህን አልሰማችም እታለማሁ፣ አክስቴ።
በርበሬ አምስት ኪሎ፣ ሽሮ አምስት ኪሎ፣
በሶ በፌስታል፣ በጨርቅ ደግሞ ቆሎ፤
«ሰው አገር ምን አለ? ማን ያውቃል ምግቡን?»
ገና ካልሲ ሳልከት ሞላችው ሆዱን።

የምሄደው ልማር ነው፣ ለስድስት ወራት፤
ከአዳማ ጀርባ፣ ከኮረብታው አናት
ነፋስ የሚያዞረው፣ ባለ ሦስት ክንፉ፣
ሲያቃስት ላውቅለት፣ የት እንደሆን ጉድፉ።
ለዚህ ሙያ ቆሎ ምን ያደርግልኛል?

ኩመላ ሽንኩርት ሻጭ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
የጆንያ ሚዛኑን አዋሰኝ ፈቅዶ።
ሻንጣዬ በሜንጦው ተሰቅሎ ዋለለ፤
«ሠላሳ አንድ ተኩል! ኩንታል ሊሆን» አለ።
«ሽንኩርትም ስትጭኚ፣ ከላይ ሲበዛበት
የታቹ ይፈርጣል፤ ላዩን ቀንሺለት።»

እዚያው ከሚዛኑ ሥር፣ በፀሐይ፣ ተንበርክኬ፣
ገመናዬን ሁሉ አስፋልት ላይ ዘክዝኬ፣
አራተኛው ጫማ፦ ለየትኛው እግሬ?
መዝገበ ቃላቱ፦ ስልኬ ያውቃል ዛሬ።
ሻምፖ ሙሉ ጠርሙስ፦ እዚያስ ሰው አይታጠብም?
ሦስተኛው ፎጣ፦ እኔ ሦስት ሰው አይደለሁም።
ሽሮ አንድ ኪሎ ተውኩ፤ ለሆዴ አይደለም፣
ለእታለማሁ ሰላም።

የቀረው ይኸው ነው፦ ሸሚዝ ተጠቅልሎ፣
ካልሲ በጫማ ሆድ እንደ ጫጩት ውሎ።
የራስ ምታት ኪኒን ከነወረቀቱ፣
ፓስፖርት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ቅያሪ ለሌሊቱ፣
እነዚህ በእጅ ቦርሳ። ሻንጣ መቼስ ይጠፋል፤
ሻንጣ የጠፋበትም ጥርሱን መፋቅ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ቀረ፦ ካፖርት።
አዳማ ላይ ካፖርት ማን አለው?

የካቲት ነው፣ ቀትር ነው፣ አስፋልቱ ይነዳል፤
ሙዘይን ከሰልባጁ ክምር ውስጥ ይመዛል
ጥቁር፣ ከባድ ነገር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፤
ለካሁት፣ ላቤ በጀርባዬ ሲፈስ።
አንዲት ሕፃን ቆመች፣ እናቷን ጎተተች፤
«ይቺ ሴትዮ በርዷት ነው?» ብላ ጠየቀች።

እጄን ኪሱ ስከት አንድ ቁራጭ ወረቀት፣
የደበዘዘች፣ የታጠፈች፣ የባቡር ትኬት።
ከቃላቱ መሃል ክብ ፊደል አየሁ፣
በሰያፍ ጭረት ለሁለት የተከፈለ፤ አወቅሁ!
የጥሪ ደብዳቤዬ ላይ ይኸው ፊደል ነበር፤
ካፖርቱ የመጣው ከምሄድበት አገር።

በቦንዳ ተጠፍንጎ፣ ባሕር አቋርጦ፣
አዳማ የገባ፣ ከብርድ አምልጦ፣
እኔ ልመልሰው ነው።
ለሙዘይን አሳየሁት። ስቆ ሲጨርስ፣
«እንግዲያ መንገድ ያውቃል» አለ፣ «ሁለት መቶ ጨምሪ።»

ሻንጣው ሃያ ሁለት። ካፖርቱ ሦስት ሞላ።
ሜንጦውን እያየ አሰበ ኩመላ፤
«ሰው ያደረገውን ማን ይመዝንበታል?
ልበሺው።»
እታለማሁ አጠገባችን ቆማ ነበር።
ዝም አለች። ዝምታዋን ልብ አላልኩትም።

በጠዋቱ ባጃጅ፣ ከነካፖርቴ፤
ላብ በቅንድቤ ላይ፣ ላብ በአንገቴ።
ሾፌሩ በመስታወት ደጋግሞ አየኝ፣
«እህቴ፣ ወባ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።
«አይ» አልኩት፣
«ሻንጣዬን ነው የለበስኩት።»

አውቶቡሱ ከተማውን ሲወጣ፣ ኮረብታው ላይ
ክንፎቹ ይዞራሉ፤ አንዱ ቆሟል።
«መጣሁ፣ ታገሠኝ» አልኩት በሆዴ።

በግራ ኪሴ ትኬቷ አለች።
በቀኙስ? ምንድን ነው ይሄ?
ቋጠሮ። የሻሽ ጫፍ። ድርብ ቋጠሮ።
ካፖርት አይመዘንም ሲባል
ለካ አክስቴ ጆሮዋ ቆሞ ነበር!
ፈታ አድርጌ አሸተትኩት፤ በርበሬው አፍንጫዬን ያዘኝ፣
አስነጠሰኝ፣ ደገመኝ፣ ሦስተኛም መጣብኝ፤
አውቶቡሱ ሙሉ፣ ባንድ አፍ፣
«ይማርሽ!» አለኝ።