የመርከቡ ሒሳብ

የነነዌ ጾም ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ፣
ግማሽ ቀን ፈቃድ ሞልቼ፣ በዓታ ግቢ፣
መምህር ልሳነወርቅን አገኘሁ ከጥድ ሥር፣
በነጠላ ጫፍ ሲወለውሉ የተሰነጠቀ መነጽር።

ኦዲተር ነኝ፤ ደረሰኝ ሳላይ አላምንም፤
ድምሩ ካልታረቀ ዐይኔ አይከደንም።
ጠየቅኋቸው፦
"የኔታ፣ ያ ኮብላይ ነቢይ ሦስት ሌሊት ከዓሣ ሆድ ገብቶ
በምን ተነፈሰ? ቀኑንስ ማን ቆጠረለት፣ ፀሐይ በየት ወጥቶ?
ዓሣውስ ምን ዓይነት ነው? ስንት ክንድ ነው ቁመቱ?
ሰው ሳያላምጥ የሚውጥ ጉሮሮ የት ነው መገኘቱ?"

ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው ሦስት ነው።
"አንቺ ልጅ፣ ዓሣውን ስትለኪ ሰውየው አመለጠሽ።
ሲሸሽ የከፈለውንስ አየሽ?
እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ቆጥሮ፣ የመርከቡን ሒሳብ ሰጠ።
ወደ ተላከበት ቢሆን በእግሩ ነበር፣ በነጻ፤
ሰው ግን ለሽሽቱ ይከፍላል፣
መልስም አይጠብቅም።

አንድም፣ መርከብ የተባለ ሥራ ነው፤ ገብተሽበት ትተኛለሽ፣
ማዕበሉ ሌላውን ሲያናውጥ አንቺ ታንኮራፊያለሽ።
አንድም፣ መርከብ የተባለ ዝምታ ነው።
አንድም —"

ስልካቸው ጠራ። ቀብር ነበር፤ ፍትሐት ይጠብቃቸዋል።
ሦስተኛውን አንድም አየር ላይ ትተው፣
መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ አራተኛ ሆኜ፣
ረዳቱ ትከሻዬን ነካ፤
"ሒሳብ!"
እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ከአራት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ በእግር ቢሄዱት ሩቅ አይደለም።
እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በአምባሳደር እዞራለሁ፣
በሰባ ደረጃ፣ በወንድሜ ደጅ፣ ላለማለፍ።
በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ዐሥር ብር፣ በዓላቱ ተቀንሰው፣
ዐሥራ ሁለት ሺህ ግድም።
ይህን ሒሳብ እስከ ዛሬ ማንም አልመረመረውም።

ምትኩ ይባላል፤ ከሞተብን ሕፃን በኋላ የተወለደ።
እናታችን ስትታመም መድኃኒቱን እሱ ገዛ፣ ሌሊቱን እሱ አደረ።
በተቀበረች በሠላሳው ቀን፣ ጥቁሬን ሳላወልቅ፣
"ያወጣኸውን በደረሰኝ አምጣ" አልኩት።
"ደረሰኝ የለኝም" አለ።
ቃሉን እንደ ተጻፈ አነበብኩት፤
ደረሰኝ የለም፣ ስለዚህ ወጪ የለም፣
ስለዚህ ወንድም የለም።

"ወራጅ አለ!"
ሃያ ብር ወረወርኩ።
"መልስሽን! እሜቴ፣ መልስሽን!" ሲል ሰማሁት፤
እግሬ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ዞሯል።

ደረጃውን ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ላይ ጠፋኝ፤
ጎመን ለተሸከመች ሴት መንገድ ስለቅቅ።
እንደገና አልጀመርኩም።

ጥግ ላይ፣ በአንድ በር ስፋት ሱቅ ውስጥ፣
አጎንብሶ ጎማ ላይ ፊደል ይቀርጻል፣
ገልብጦ፤
እሱ የጻፈው ካልታተመ አይነበብም።
ማህተም ነው ሥራው።
ግድግዳው ሙሉ ናሙና፣ ክቡ፣ አራት ማዕዘኑ፤
"ተከፍሏል"፣ "ገቢ ሆኗል"፣ "ትክክለኛ ቅጂ"።
ቆሜ አነበብኳቸው፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደማይነበበው።

አንድም —
ይህ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይላበው፣
ዐይኔ የሚከደንበትን ደረሰኝ ሁሉ፣
የፋርማሲውን፣ የላቦራቶሪውን፣ የመቃብር ቆፋሪውን፣
ቀርጾ፣ አትሞ፣ ፊርማ ጨምሮ ሊያመጣልኝ ይችል ነበር።

አላመጣም።

ቀና አለ። ምላጩን አስቀመጠ።
ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጉሮሮዬ ዋጠው።
ስሜን አልጠራም። ሰዓቱን አየ፣
በርጩማውን በእግሩ ገፋልኝ፣
"ጾም ነሽ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ተቀመጪ" አለ።

ተቀመጥኩ።
የዓሣውን ቁመት ዛሬም አላውቅም።