ሦስት ደቂቃ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ተሰይሟል ሸንጎ፣
የቦዩን ጥገና ከአጀንዳው ጠርጎ፣
የውሻውን ግብር በእጅ ብልጫ አድርጎ።
እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዝ፣
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት የማዝ፤
በዚህ በኦሪጎን፣ ፒር በሚለቀምበት፣
ሰው ቆሞ ሲናገር ሰዓት የምይዝበት
ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦
«ከዋሽንግተን የወጣው ሕግ፣ ወታደር ሲቪሉን
ያለ ክስ፣ ያለ ዳኛ እንዲይዝ የሚለውን፣
ወረዳችን ይቃወም ወይስ ዝም ይበል?»
ሰብሳቢው አዛጋ።
«አስተያየት ያለው? ሦስት ደቂቃ ነው።»

ወይዘሮ ሺዙዬ ሞሪታኒ ተነሡ።
ማይክሮፎኑ ረዝሞ ከግንባር ቢያልፋቸው፣
አንዱ ትራክተር ነጂ ዝቅ አረገላቸው።
ወረቀት አልያዙም። ከቦርሳ ያወጡት
የካርቶን ቁራጭ ነው፣ ሲባጎ ያለበት፣
ቁጥር የተጻፈበት፦
አሥራ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ሰባት።

አረንጓዴውን አበራሁ።

«ሰባት ዓመቴ ነው። ይህ ስሜ ነበረ፣
በካፖርቴ ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ።
ወታደሩ ልጅ ነው፣ ጢም ያላበቀለ።
‹ምን አጠፋን?› ብላ እናቴ ጠየቀች፤
ወረቀቱን አየ፤ ወረቀቷም ዝም አለች።
ክስ ቢኖር መልስ አለው፤ ምስክር ይረታል፤
ዝም ያለን ወረቀት ማን ሰው ይሟገታል?

የሰጡን የከብት ጋጥ ነው። ሳንቃ ቢነጠፍም
እበቱ ከሥር ነበር፤ ሙቀት ሲበረታ
ከእኛ ጋር ይነሣል፣ ከእኛ ጋር ይተኛል።
አባቴ በየማታው ደብተር ላይ ያሰላል፦
አበባው ረግፏል፣
ፍሬው ቋጥሯል፣
ዛሬ ውሃ ይፈልጋል።
በአጥር ውስጥ ተቀምጦ
ትቶት የመጣውን ዛፍ ያጠጣል።»

ቢጫውን አበራሁ።

«ሌባ እንኳ ያውቀዋል የሚፈታበትን ቀን።
ለእኛ የሰጡን ቃል ነው፤ አንዲት ቃል፤ ‹እስከ›።
ጦርነቱ እስከሚያበቃ። ስጋቱ እስከሚያልፍ። ነገሩ እስከሚጣራ።
ይቺ ቃል በር የላት፣ መስኮት የላት፣ ጣራ፤
ሦስት ዓመት ኖርንባት።
ትናንት መነጽሬን ወልውዬ ይህን አዲሱን ሕግ አነበብሁት።
አገኘኋት። ያቺው ናት።
አንድ ፊደል አልጎደለባትም።

‹በሕግ አምላክ› ሲሉ ወራጅ ውሃ ይቆማል፤
እንዲህ ሲባል ሰማን፣ እንዲህም አመንን።
ሕጉ ራሱ ጎርፍ ሆኖ የመጣብን ቀን ነው፤
ማንን በማን አምላክ ብለን እናቁመው?
እኔስ አርጅቻለሁ፤ ለራሴ አልመጣሁም።
ነገ ይሄ ቁጥር፣ የማን ልጅ ካፖርት ላይ—»

ቀዩን አበራሁ።

ቆሙ።
ዐረፍተ ነገሩ መሐል፣ አፋቸው እንደተከፈተ።
ማንም በማንም አምላክ ሳይላቸው
ወራጁ ቆመ፤ ሕግ ነዋ።
ካርቶናቸውን በሲባጎው ጠቅልለው
ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ያኔ ነው የገባኝ፦
ለአንዲት አሮጊት ቃል ወሰን አበጅተናል፣
በሰከንድ ቆጥረናል፣ በመብራት አጥረናል፤
ሰው ለሚረሳበት ለዚያ እስር ቤት ግን
አንድ ቀይ አምፖል እንኳ ማን ሰው ሰቅሎበታል?

ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለሁለት። ተቃወምን።
ደብዳቤው በፖስታ ይሄዳል፤
ከሌሎች ደብዳቤዎች ሥር ያድራል፤ አውቃለሁ።
«የዶሮ እርባታ ፈቃድ» ብሎ ሰብሳቢው ቀጠለ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቃለ ጉባኤውን ገለበጥሁ፦
«አንዲት ነዋሪ አስተያየት ሰጡ» ይላል በእጄ ጽሑፍ።
ሰረዝሁት።
ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍሁ፤ ከሥሩም
«ንግግራቸው አላለቀም» አልሁ።

በሩን ቆልፌ መኪናዬ ጋ ስደርስ
በመስኮቱ አየሁት፤
ቀዩ መብራት እንደበራ ነው።