አቡን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ

ቁልፉ አልዞር ቢላቸው ጋሽ አዛናው ተሳደቡ፣
የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው ወዲያው አማተቡ።
«ዝቅ በሉ፤ ይህ መቃን ግንባር ይመታል፤
እንኳን እናንተ፣ ንጉሥም ጎንበስ ብሎ ገብቷል።»
ደረጃውን ቆጥራ ብርቄ «አሥራ አንድ» አለች።
«አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ በጎርፍ ኮበለለች።»

ውስጡ ድንግዝግዝ ነው። ዓይን እስኪለምድ ድረስ
ሽታ ነው የሚመራ፤ ኖራ፣ የሌሊት ወፍ፣ የከረመ ልብስ።
ከዚያ ሥዕሎቹ አንድ ባንድ ከግድግዳው ይመጣሉ፤
ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያያሉ፣
ከሓድያን በጎን ዞረው ባንድ ዓይን ያጮልቃሉ።
ብርቄ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ «እኔስ አሁን?» አለችኝ፣
ጉንጯ ላይ ብርሃን፣ ባንዱ ዓይኗ እየጠበቀችኝ።
መልስ አልነበረኝም።

ከእመቤታችን እግር ሥር አንድ ሰው በደረቱ ተኝቷል፤
«ተማኅፀነ» ይላል ጽሑፉ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ጠፍቷል።
ከጎኑ በእስክሪብቶ፣ ካርቶን ላይ፦ «ያልታወቀ ምእመን»።
«ጠላት ነው የፋቀው?»
«የለም፣ ከንፈር ነው። ሰዎች በጨለማ ሲሳለሙ፣
እግሯን እየሳቱ፣ አለቀ የሰውዬው ስሙ።»

በጓሮ በር ወጣን። የአቡኑ አትክልት ቦታ ዛሬ
የጋሽ አዛናው ጎመን ነው፤ ጥግ ጥጉን ድንብላል፣ በርበሬ።
ከድሮው አንድ ሮማን ቆሟል፣ ጎኑ የተቃጠለ፣
ዘሩ ከእስክንድርያ በአቡኑ እጅጌ መጣ እየተባለ።
«እውነት ነው?»
«እኔ የማውቀው ፍሬው እንደሚጎመዝዝ ነው።»

አማርኛ እንደ ጠጠር በአፋቸው ቀረ ይላሉ፤
ሃያ ሁለት ዓመት በአስተርጓሚ ባረኩ፣
በአስተርጓሚ ተቆጡ።
ማታ ማታ ግን ብቻቸውን ከጎመኑ ግርጌ ወርደው
እጃቸውን ቀሐ ውስጥ ይነክራሉ፤
መገጭን፣ ጣናን፣ ዓባይን አልፎ አገሬ ይገባል ብለው፣
የሚሉትን ለውሃው በቀጥታ ይሉታል።

«ግብፅ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አለች ብርቄ።
«እንጃ ልጄ፤ እኔ ከጎርጎራ አላለፍኩም በዕድሜዬ።»

አንዲት ቀይ የሮማን ፍሬ ከጣቷ ጫፍ ለቀቀች፤
ድንጋይ የያዘው ፌስታል ላይ ሄዳ አረፈች።
ቆየች።
ከላይ ጋሽ አዛናው በሩን ሊቆልፉ ይታገላሉ፤
ስድቡ ይሰማናል፤ ማማተቡ አይታየንም።
ውሃው ፌስታሉን በትከሻው ትንሽ ገፋ አደረገና
ሄደች።