ያልበረረ ላባ

በሲየንግ ኩዋንግ ጋራ፣ በመንደራችን ላይ ትልቁ ሽቦ ያልፋል፤
ከግድቡ ተነሥቶ፣ ድንበር ተሻግሮ ይከንፋል፤
ሌላ አገር ሊያበራ፣ ሌላ ከተማ ሊያደምቅ።
ከሥሩ የቆምነውን እኛን ስማችንን እንኳ አያውቅ።

ታች ግን፣ በሣር ክዳኑ ሥር፣ አያቴ ቸር ፓው
እሳት አለው፤
እሳቱን የሚያናግርበት ግንድ አለው።

ግንዱን ከጫካ ቆርጦ፣ ሆዱን በመሮ ቦርቡሮ፣
ውስጡን በሰም አለስልሶ፣ በመዳፉ መርምሮ፣
አጋድሞታል ከምድጃው ጎን፤
ሆዱ ባዶ፣ አፉ ሸክላ፣ የሚጠብቅ የሚያጎርሰውን።

በሆዱ ዱላ ይመላለሳል፤ ከዱላው ጫፍ ክብ ጣውላ፤
በጣውላው ዙሪያ ላባ ተወትፏል፣ ንፋስ እንዳይሾልክ በኋላ።

"የማን ላባ ነው?" አልኩት፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
"የቀይዋ ዶሮ" አለኝ፤ "አጥር እንኳ ዘላ አታውቅም፤ ሰነፍ ነበረች ለመብረር።
አሁን ግን ስሚያት፣ ፓ ኚያ፣
ከሞተች ወዲያ ነው ንፋስ የቀናት።"

እጀታውን ሰጠኝ። "ሳቢ" አለኝ፤ "ደግሞ ግፊ፤
ስትለግሚ ያንቀላፋል፤ ስትቸኩዪ ይቆጣል፤ አትጥደፊ።
የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ፣
ዝግ ብሎ ሄዶ፣ ዝግ ብሎ የሚመለስ።
ስትስቢም ይነፋል፣ ስትገፊም ይነፋል፤
ሁለት ጉሮሮ አለው ግንዱ፤ አንዱ ሲውጥ አንዱ ይተፋል።"

ባሌስትራው ከፍሙ ገባ፣ የአሮጌ ካሚዮን አጥንት፤
ጥቁር ነበረ። ቀላ። እንደ በሰለ ብርቱካን ሆነ።
"አሁን!"
ጉጠቱ ነከሰው፤ መዶሻው መስፉ ላይ ጮኸ በጉልበት።
እኔ እጄን አላቆምኩም።
ማንም ዞሮ አላየኝም።

ገበያተኛ ሲመጣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤
"ውሃ የጠጣ የህሞንግ ቢላ!" ይላል፤ መዶሻ የያዘውን እጅ ያወድሳል።
ስለ ንፋሱ የጠየቀ የለም፤
ንፋስ ፊርማ የለው፣ ቢላ ላይ አይታተም።

አጎቴ ብሊያ አንድ ጊዜ፣ ከከተማ በሞተር ሳይክል አመጣ
ማራገቢያ፣ በባትሪ የሚዞር፣ እንደ ሰሃን የነጣ።
ሦስት ቀን ፎከረ። በአራተኛው ባትሪው ሞተ።
አያቴ አልሳቀም። ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታ፤
ጎድጓዳ ክዳኑን ለዶሮዎቹ ውሃ ሞላበት ማታ።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ግን ደረቱ ያፏጭ ጀመር፤
ላባው እንደሳሳ ግንድ፣ ንፋሱ በጎን የሚቀር።
አርባ ዓመት ጢስ ውጦ፣ ለእሳት ሲያበድር ኖሮ፣
የሚመልስለት አጣ፤ ቁጭ አለ ግንዱን ተደግፎ፣ አንገቱን ሰብሮ።

ሌሊት ከቀርከሃው ግድግዳ ማዶ እሰማዋለሁ፤
ሳብ ያደርጋል። ይቆማል። እኔም አብሬው እቆማለሁ።
ይመለሳል።
ያን ጊዜ በጨለማው ቀኝ እጄን አገኛታለሁ፣
ምንም ሳትጨብጥ ስትስብ፣ ስትገፋ፤
"አትጥደፊ" እላታለሁ።

ጠዋት ነጯን ዶሮ ይዤ ቢላውን ከሰገባው ሳወጣ፣
"ተያት" አለኝ ከደጃፉ፤ ቃሉ በሁለት ትንፋሽ ተቆርጦ መጣ፤
"የወደቀውን... ልቀሚ።"

ጎንበስ አልኩ። ከአጥሩ ሥር፣ ከጭቃው።
አንድ።
ከውሃ መጠጫው አጠገብ፣ ሌላ አንድ፣ እርጥብ።
በላያችን ሽቦው እንደ ንብ ያጉረመርማል፤
እሳቱ አልጠፋም፤ ከአመዱ ሥር ሆኖ ይሰማል።