ቃርሚያ

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በወደቡ ሱቁ
ድንጋይ ሲቀይር ነው ዓይኖቹ ያለቁ።
ደንበኛው ሲገባ በረዶ አራግፎ፣
አባቴ በጉጠት፣ ትንፋሹን ቆልፎ፣
የሰዓቱን ጀርባ እንደ ለውዝ ፈልቅቆ፣
ምስር የምታህል ድንጋይ፣ ኃይሏ ደርቆ፣
ያወጣና ጣል — ከጠርሙሱ ውስጥ፤
ቀጭ።

ጠርሙሱ ሞላ። ሌላ ጠርሙስ መጣ።
ሦስተኛው ሲሞላ ታውኖ ጡረታ ወጣ።
«ውርስሽ ይኸውልሽ» አለኝ በቀደም ለት፣
«ሦስት ጠርሙስ ሙሉ ያለቀ ጉልበት።»

እኔ ኦውሉ ነኝ፣ ከሰሜኑ ዳር ላይ፤
ፀሐይ በታኅሣሥ ለቅምሻ ነው የምትታይ።
ሥራችን ኅትመት ነው፤ እንደ ጋዜጣ ቤት
ሲሊንደር ይዞራል ቀን ከሌት፣ ቀን ከሌት፤
ቀለሙ ግን ብረት፣
ወረቀቱ ደግሞ ከሽንኩርት ልጣጭ ስስ።
ከሰው ገላ ወጥቶ አየር ላይ የሚፈስ
ፍርፋሪ ሙቀት ነው ስለቅም የምውለው።
በስብሰባው ሁሉ «አዝመራ» ነው የሚሉት፤
እኔ ግን ለራሴ ቃርሚያ አልኩት፦
ባለቤት ሰብስቦ ከሄደ በኋላ
በገለባው መሃል የቀረች ዘለላ።

ከአባቴ ደረት ላይ አንዷን ለጠፍኩለት፣
የልቡን ምት ቆጥራ እንድትነግረኝ በሌት።
«ድንጋይዋስ?» አለኝ። «የላትም» አልኩት።
«ታዲያ ምን ትበላለች?»
«አንተን።»
ዝም አለ።
አቀርቅሮ አያትና «መዥገር ናት በይኛ!» ብሎኝ ሳቀ፤
ሲስቅ ምቱ ዘለለ፤ ስልኬ ላይ ታወቀ።

ማታ ነው። ሃያ ስምንት ከዜሮ በታች።
ስልኬ ላይ የነበረች መስመር ድንገት ጠፋች።
አልደከመችም፣ አልራደች፤
ጠፋች።
ደወልኩ። አያነሳም። ደወልኩ። አያነሳም።
ጎረቤቱ ሂልካ ጆሮዋ አይሰማም።
ስልኩን ከወንበሩ ላይ በፊቱ ደፋሁት፤
ዳግም ላየው ፈራሁት።
ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ጥድ ተከትሎ ጥድ፣
መብራቴ የሚልሰው ነጭ የበረዶ መንገድ፣
ቀመሯን እንደ ዳዊት እየደጋገምኩ፣
ያተምኩባትን ቀን እየረገምኩ፦
ገላ ከቀዘቀዘ ምግቧ ይቆማል።
ምግቧ ቆሟል።
እንግዲህ —
ቀሪውን አልጨረስኩም።

ራሄ ደረስኩ። በሩ አልተቆለፈም።
አልጋው እንደተነጠፈ፤ ሰው አልተኛበትም።
ከጓሮ በኩል ግን የእንጨት ጭስ ሸተተኝ።
ቀኑ ቅዳሜ ነው!
ዕድሜውን በሙሉ ቅዳሜ ማታ
ታውኖ ከሳውናው ቀርቶ አያውቅም ላፍታ።
በሩን በረገድኩት። ከእንፋሎቱ መሃል
ራቁቱን ተቀምጦ በበርች ቅጠል ጀርባውን ይመታል።
«በሩን ዝጊው እንጂ! እንፋሎቱ ወጣ!»
ይህ ነበር ሰላምታው፣ ለለቅሶ ለመጣ።

አየሩ ከገላው ሲበልጥ ምን ይለቀማል?
ሀብታም ለሀብታም ምን ያበድራል?
በሙቀት ብቻ አይደለም እሷ የምትኖረው፤
በመብለጥና በማነስ፣ በክፍተቱ ነው፣
በገላና በውርጭ መካከል ባለው።
ይህን ዐሥር ጊዜ ጽፌዋለሁ በእጄ።
ፍርሃት ግን ሒሳብ አልተማረም።
ስልኩን አገላብጬ አሁን ባየው
ታሪኩ በሙሉ እዚያው ተጽፏል፦
ሄደች፣ መጣች፣ ሄደች፣ መጣች፤
እሱ ወደ ደጅ በወጣ ቁጥር አብራው ነቅታለች፤
እኔ መንገድ ላይ ስቀብረው።

ወደ በረዶው ወጣ፣ ትከሻው እየጨሰ፣
እግሩ ሥር ያለው ነጭ እየፈረሰ።
መስመሯ ብድግ አለች። አሳየሁት።
ታውኖ ግን ስልኩን ገፋ አድርጎ፣ ሁለት ጣቱን
አንገቱ ላይ አሳርፎ፣ ያቺን አሮጌ ሰዓቱን፣
በጣት እየተጠመዘዘች የምትሄደውን፣
ከበሩ መቃን፣ ከሚስማሯ አወረደ።
ከንፈሩ እየቆጠረ ደቂቃው ነጎደ።
ጺሙ ላይ ያለው ላብ በረዶ ሲሆን አየሁ።

«ሁለት ምት ትዘገያለች» አለኝ።
«ነገ አምጫት፣ አያታለሁ።»