ከጆሮዋ ጀርባ

ሃያ ሁለት ዓመት መጋረጃ ዘጋሁ፣
የበር ማጠፊያውን በዘይት አራስሁ፣
ጎረቤት ሲያንኳኳ በምልክት አወራሁ።

ሙካዴስን ሲያማት ቤቱ ትንፋሽ ያጥረዋል፣
ማንኪያው ከሰሐኑ መጋጨት ይፈራል፤
ይነሳል ከግራ ዓይኗ ሥር፣ እንደ ጉንዳን፣
ይወጣል ግንባሯን፣ ይወርዳል ማጅራቷን፣
ከዚያ እሷ የለችም፤
አንድ አልጋ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጨለማ ብቻ፣
እኔም ትንፋሽ ቆጣሪ፣ ጠርዙ ላይ ለብቻ።

ያልዞርንበት የለም፤
ኢዝሚር ተኝተናል፣ አንካራ ደርሰናል፣
ራሷን በመሣሪያ ፎቶ አስነስተናል፣
«ንጹሕ ነው» ሲሉን በደስታ ፈንታ አዝነናል።
ምንም የሌለበት ራስ እንዲህ ከፈለጠ፣
አንዳች ያለበትማ ስንት እጥፍ በበለጠ!
ኪኒን በመሳቢያ፣ ኪኒን በቦርሳዋ፣
ኪኒን በኮት ኪሴ፣ ኪኒን ከራስጌዋ።

ልጃችን ኦርቹን መድኃኒት ቀማሚ ነው፤
«አባዬ፣ መርፌው እኮ ማደንዘዣ ነው፣
ጥርስ ሲነቀል የሚወጉት ዓይነት፤
ማስረጃው ቀጭን ነው፣ ገንዘባችሁን አትበትኑት» አለ።
ልክ ሳይሆን አይቀርም።
ማስረጃ ግን ሌሊት ባልዲ አይይዝላትም።

ደኒዝሊ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከቆሎ ሱቁ በላይ፣
የሚቆላው ሽምብራ ይሸታል ደረጃው ላይ፤
ዶክተር ኑርሃያት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ራሷን ሳትነካ፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ፣
«ጠባሳሽ የት ነው?» አለቻት።

«ራሷን ነው የሚያማት» አልኩ ጣልቃ ገብቼ።
ወንበር እንደተናገረ ሁሉ አየችኝ።
«ሥጋ ይድናል» አለች፣ «ነርቭ ግን ቂም ይይዛል፤
የሻረ ቁስል አንዳንዴ ሩቁን ያስጮኻል።»
እንዲህ ብላ ታምናለች። እኔ ምን አውቃለሁ።

ሙካዴስ ቆጠረች፦
ጉልበቷን፣ ከብስክሌት የወደቀችበትን፤
ሆዷን፣ ኦርቹን የወጣበትን፤
አውራ ጣቷን፣ የዳቦ ቢላዋ የላጠውን
(ደሙን ያቆምኩት እኔ ነኝ)።
ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ያጠናሁት ካርታ ነው፣ ሌሊት በዳበሳ፣
አላመለጠኝም ብዬ አንዲት ጠባሳ
ስኩራራ፣
ፀጉሯን በግራ እጇ ሰበሰበችና
«እዚህም አለ» አለች።

ከጆሮዋ ጀርባ፣ የተቆረጠ ክር የመሰለች፣
ነጭ፣ አጭር፣ ዝም ያለች።

ባባዳግ። ዐሥራ አንድ ዓመቷ። የሌሊት ፈረቃ።
አባቷ ነው ያስቀመጣት፣ እንቅልፏ ሳያበቃ፣
ከሽመናው ማሽን አጠገብ።
ድሩ ተበጠሰ፣ መወርወሪያው ወጣ፣
እንደ ወፍ ነው አለች፣ ብረት አፉን ይዞ መጣ።
እናቷ የተቃጠለ ጥጥ አመድ ነሰነሰችበት፤
«ከደረጃ ወደቀች» ተባለ፤
በነጋታው ተመልሳ እዚያው ሠራችበት።
«ለማንም ያልነገርኩት» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣
«አባቴን ሰው እንዳይጠላብኝ ነው።»

መርፌው ፀጉር ያህላል፤
ቆዳዋ ነጣ፣ አተር አህሎ ተነፋ፤
ቀጥሎ ጆሮ ግንዷን፣ ቀጥሎ ግንባሯን፣ በጠብታ በጠብታ።
ሐኪሟ ሰዓቷን አየች፣
እኔ ደግሞ የእግሯን ጣቶች፣
ተጨብጠው የነበሩ፣ አንድ በአንድ ሲፈቱ።
«ማሽኑ ቆመ» አለች ሙካዴስ።
የምን ማሽን ብዬ አልጠየቅሁም።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነው ያረፈችው።
በሃያኛው መጣ። ግን በር ገንጥሎ አልገባም፣
አንኳኩቶ ነው።
ኦርቹን «ተስፋ ነው የሠራው» ይላል።
ይሁን፤ ተስፋ በመርፌ ከገባ ምን ይለናል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤
በዚያ ጆሮ ስንት ሌሊት ፍቅሬን ሹክ ስል፣
ከጀርባው አንዲት ልጅ ነበረች፣
ድምፅዋ ከማሽኑ በታች የቀረ፣
አንዴም «ማነሽ?» ያላልኳት።

ዛሬ ማታ መጋረጃው ክፍት ነው።
እጄን ወስዳ ከጆሮዋ ጀርባ አኖረችው፤
«አትሻሸው» አለች፣
«ያዘው ብቻ።»