ከኮሶዋ እስከ ምንጩ

የእኔ ድርሻ ጠባብ ናት፤ ከኮሶዋ እስከ ምንጩ፣
ሁለት መቶ ሰባ እርምጃ፣ ከነድጡ ከነውርጩ።
ከበላዬ አንማው አለ፣ ከበታቼ ትጓደድ፣
አሥራ አንድ ነን በጠቅላላው፣ ሳይከፈለን በዚህ መንገድ።

የሲራራ ጎዳና ነው፤ ከጮቄ ወገብ ወደ ሙጋ፣
አሞሌ የተሸከመ በቅሎ፣ ድንጋዩን በኮቴው ሲወጋ ሲወጋ
እንደ ገበታ አጎድጉዶታል፤ ዝናብ ሲጥል ውሃ ይቋጥራል።
ጨውማ ዛሬ በመኪና፣ በወዲያኛው ጠጠር ይበራል።
"ለማን ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?" ይላል ሹፌሩ፣ መሻገሪያው ላይ ሲያገኘን።

መልስ የለኝም። ዶማ አለኝ።

እኔ ሳልመክርበት ነው የገባሁ፤ ለአንማው ዶማ አውሼ፣
ዶማዬን ልቀበል ብሄድ፣ ይኸው ስድስት ዓመት፣ አልገባሁም ተመልሼ።

መስከረም ላይ እንጀምራለን፣ ዝናቡ እግሩን ሲያነሳ፤
እርከኑ የት እንደተናደ፣ የት እንደዋጠው ጓሳ፣
በአንማው ደብተር ይጻፋል፤ ደብተሩ የልጁ ነው፣ የሂሳብ፤
ከላይ "ስድስት ሲባዛ በሰባት"፣ ከሥሩ "ቦዩ ተደፍኗል፣ ይታሰብ።"

በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ሰው፤ ለእኛ በጥቅምት አንድ ድንጋይ፣
ከገደሉ ሥር በገመድ ስበን፣ እየተራገምን ላይ በላይ።
ያን አንዱን ደረጃ ለመመለስ አራት ሰው ሙሉ ቀን ፈጀ፤
ማታ ትጓደድ ወጥታ ዘለለችበት፤
ድንጋዩ ወዲያው የጥንት መሰለ፣ እዚያው እግሯ ሥር አረጀ።

የምንሠራው በበዓል ነው፤ በሬ በማይጠመድበት፣
በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ ሞፈር ቀንበር በሚያርፍበት።
ቄስ ልሳነወርቅ "ቀን ሻራችሁ" ብለው ሊገዝቱን መጡ፣
ኮሶዋ ጋ ሲደርሱ አዳለጣቸው፤ ድጡ ላይ ተቀመጡ።
ጋቢያቸውን አራግፈው ዝም፤ ወደ ሰማይ፣ ወደ እግራቸው ዞሩ፤
"መንገድ መጥረግ እርሻ አይደለም" አሉ። "እዚህ ጋ አንድ ድንጋይ ጨምሩ።"

ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲጋገር፣ ጅባራው ብቻውን ቆሞ ሲያድር፣
ድጅኖው መዳፍ ይነክሳል፤ መሬቱ ብረት ነው፣ አይቆፈር።
ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እናወራለን፤ ይህም ከሥራው ይቆጠራል፤
አንማው አንድ በቅሎ ሳይነዳ፣ ስለ በቅሎ ሲዋሽ ያምራል።

መጋቢት አስታው ይደርቃል፣ ክብሪት ይመስላል ግንዱ፤
ግራ ቀኝ በገጀራ እንመነጥራለን፣ እሳት እንዳይሻገር በመንገዱ።
ሚያዝያ ምንጩ ይከሳል፤ ትጓደድ አፉን በጣቷ ታጸዳለች፣
ለማይመጣ ሲራራ ነጋዴ፣ ቅል ሰቅላ ትሄዳለች፤
"ውሃ ጠጪ አያጣም" ትላለች።

ሰኔ ላይ ስምንት ሆንን። ሁለቱ ባሕር ዳር ወረዱ፣ ለእንጀራ፤
አንማውን ጉልበቱ ከዳው፤ ደብተሩን ላከልኝ፣ ከእርሳሱ ጋራ።
ድርሻዬ ከኮሶዋ ወደ ላይ ተዘረጋ፤ አራት መቶ ሠላሳ እርምጃ፤
ትጓደድ ስቃ "ሹመት ነው" አለች፤ ለእኔስ መሰለኝ ፍርጃ።

ሐምሌ ሰው ሁሉ ቤት ሲገባ፣ ማዳበሪያ ተከናንቤ እወጣለሁ፤
ውሃው በየት እንደሚያመልጥ፣ ከራሱ ከውሃው እሰማለሁ።
ቦዩን በእግሬ ጣት ስከፍተው፣ ለጥቂት ጊዜ ይታዘዛል፣
ሁለት ክንድ ወርዶ ደግሞ፣ ባልጠበቅሁት ይጓዛል።

አንድ ማለዳ በአንማው ድርሻ፣ ከጥቅምቱ ድንጋይ ደረስሁ፤
ጭቃ ያዘለ ዱካ አየሁ፤ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ለካሁ።
የሰው አይደለም። የበቅሎም። ጅብ ነው፤ መሀል መሀሉን ይዞ፣
እርከን በእርከን ወርዷል፣ አንዱንም ሳይስት፣ እንደ ባለጉዳይ ተጉዞ።

ደብተሩን ከብብቴ አወጣሁ፤ ዝናቡ እየተንጠባጠበበት፣
"ሐምሌ ሃያ ሁለት፤ አንድ መንገደኛ፤ ወደ ታች" ብዬ ጻፍሁበት።
ከሥሩም፦ "ቦዩ አሁንም ተደፍኗል።"